የረሃብ ምልክት መርገም አይደለም



«የትውልድ መርገም» የሚባለው ትምህርት በላስታ ተራሮች ላይ ያሉ ትንንሽ የጸሎት ቤቶቻችን ድረስ ደርሷል። በሳተላይት ቴሌቪዥን ይመጣል፣ በስልክ በሚላላክ ቪዲዮ ይመጣል፣ አንዳንዴም በእንግድነት የተጋበዘ አገልጋይ ይዞት ይመጣል። ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አያትህ የሠራው ነገር በደምህ ውስጥ አለ፤ የቤትህ ድህነት፣ የልጅህ ትምህርት አለመግባት፣ የቁመቱ ማጠር፣ የሚስትህ ጽንስ መውረድ፣ የሁሉም ምንጭ እዚያ ነው፤ ስለዚህ ይሰበር። ሲሰበር ጩኸት አለ፣ ዘይት አለ፣ ብዙ ጊዜም «ዘር» የሚባል ገንዘብ አለ።

በዚህ ትምህርት ላይ ያለኝ የሥነ መለኮት ክርክር ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን በሌላ በር ልግባ። እኛ ያለንበት ሰሜን ወሎ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነገር በጥናት የታየበት አገር ነው። የተላለፈው ግን የማንም ኃጢአት አይደለም፤ ረሃብ ነው። እንዴት ሊተላለፍ እንደሚችል ለመረዳት በዓይን ወደማይታይ ቦታ፣ ከተፀነሰ ገና ጥቂት ቀን የሆነው ሽል ሕዋስ ውስጥ፣ መግባት ያስፈልጋል። «ሰባኪን ስለ ሕዋስ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ።

«ሰባ ሰባት» ሲባል በእኛ አገር ማብራሪያ አያስፈልግም። የ1977ቱ ረሃብ ነው። ሰው ከላስታ፣ ከቡግና፣ ከዋግ እየተነሣ ወደ ኮረምና ወደ ቆቦ ፈሰሰ። በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክ እና ካሜራ የያዘው ሞሐመድ አሚን የኮረምን ሜዳ ለዓለም ሲያሳዩ፣ እዚህ ተራራ ላይ ያለነው ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ የዘር እህላችንን በልተን ጨርሰን ነበር። የሞተው ሰው ግምት በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ከተረፉት መካከል ነፍሰ ጡር ሴቶች ነበሩ። የወለዷቸው ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ራሳቸው ወልደው እየዳሩ ነው።

ከእነዚህ አንዷ በጉባኤያችን አለች። እናቷ በሆዷ ይዛት ነው ኮረም የወረደችው። ቁመቷ አጭር ነው፣ ትምህርት አልገፋላትም፣ ሁለት ጽንስ ወርዶባታል፣ አሁን ደግሞ ደም ግፊት ጀምሯታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እንግዳ አገልጋይ እጁን ጭኖ «በእናትሽ ወገን ያለ መርገም ይታየኛል» አላት። በማግሥቱ ቤቴ መጥታ «ፓስተር፣ እናቴ ምን አድርጋ ይሆን?» አለችኝ። እናቷ ያደረገችው ነገር ልጇን በሆዷ ይዛ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር እስከ ኮረም በእግሯ መሄድ ነው። «እህቴ፣ እናትሽ ያደረገችው አንቺን ማትረፍ ነው» አልኋት። ያን ያህሉ ለማጽናናት በቂ ነበር። «ታዲያ ለምን እንዲህ ሆንሁ?» ለሚለው ጥያቄዋ ግን ከጥቅስ ሌላ መልስ መፈለግ ነበረብኝ።

እነሆ ያገኘሁት። ሰውነታችን የተሠራው ከሕዋሳት ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ መካከል፣ በእንቁላል ውስጥ አስኳል እንዳለ ሁሉ፣ ኒውክለስ የሚባል ክፍል አለ። ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ የማይበልጥ ነው። በዚያ ውስጥ ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ሜትር የሚያህል ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዲኤንኤ ዋናው መዝገብ ነው፤ ከመዝገብ ቤት አይወጣም። ለሥራ የሚፈለገው ገጽ ሲኖር ቅጂ ይወጣለታል፤ ቅጂው አርኤንኤ ይባላል። ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራው ይህን ቅጂ እያነበበ ነው።

አሁን የሚያስደንቀው ነገር ይመጣል። የአባትና የእናት መዝገብ ተገናኝቶ አዲስ ሽል ሲጀመር፣ ሽሉ ወዲያው ከራሱ መዝገብ በሙሉ ኃይል መገልበጥ አይጀምርም። በሰው ልጅ መዝገቡ በስፋት የሚከፈተው በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ሕዋሱ አራትና ስምንት በሚሆንበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሽሉን በሕይወት የሚያኖረው፣ ሕዋሱም እንዲከፈል የሚያደርገው፣ እናት አስቀድማ በእንቁላሏ ውስጥ ያስቀመጠችው አርኤንኤ ነው። እኔ ይህን «የእናት ስንቅ» እለዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ቃል አላገኘሁለትም። መንገደኛ ራሱ አብስሎ መብላት እስኪጀምር ድረስ ከቤት በተያዘለት በሶ እንደሚሄድ ማለት ነው።

ደገኛ ገበሬ ይህን ሳያውቀው ያውቀዋል። ገብስ ውኃ ውስጥ ስትነክረው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሥራ የሚጀመረው ዘሩ ገና እናቱ ላይ እሸት ሳለ ተቀምጦ በደረቀ አርኤንኤ ነው። የደረቀ ዘር ሬሳ የሚመስለውን ያህል ሬሳ አይደለም፤ የታሸገ ስንቅ ይዟል። (እኛ ጠላ ባንጠምቅም ብቅል እንዴት እንደሚበቅል የማያውቅ የላስታ ሰው የለም።)

የሴት እንቁላል ይህን ስንቅ በብዛት የምታከማቸው ከመለቀቋ በፊት ባሉት የእድገት ወራት ነው። እንቁላሏ ራሷ ግን የተፈጠረችው ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ ሴቲቱ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ነው። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። በ1977 አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ልጅ በሆዷ ይዛ ኮረም ሜዳ ላይ ስትቀመጥ፣ በሆዷ ባለችው ልጅ ውስጥ የወደፊት የልጅ ልጆቿ እንቁላሎች ጭምር እየተሠሩ ነበር። ሦስት ትውልድ በአንድ የተራበ ገላ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ወደ ኒውክለሱ እንመለስ። አርኤንኤ በውስጡ እንዲሁ ተበትኖ የሚንሳፈፍ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ከኒውክለሱ ውስጥ ኒውክሊዮለስ የሚባል ጠቆር ያለ ክብ አካል አለ፤ ፕሮቲን የሚሠሩት ማሽኖች፣ ራይቦሶሞች፣ የሚዘጋጁበት ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽል ውስጥ ይህ ቦታ አለ፣ ነገር ግን ሥራ የለውም፤ በሩ እንደ ተዘጋ ወፍጮ ቤት ነው። መዝገቡ ሲከፈት ወፍጮው መዞር ይጀምራል፣ ቅርጹም ይለወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ነጠብጣብ የሚታዩ ስፍራዎች አሉ፤ አዲስ የተገለበጠ አርኤንኤ ትርፉ ተቆርጦ ተፈላጊው ቁራጭ ከቁራጭ የሚገጠምባቸውን መሣሪያዎች የያዙ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ከኒውክለስ ጨርሶ የማይወጣው፣ ፕሮቲንም የማይሠራበት አርኤንኤ ነው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ ወንድ አንድ። ሁለቱም በሴቷ ውስጥ እኩል ቢሠሩ ሚዛኑ ይዛባል። ሜሪ ላየን የተባለች እንግሊዛዊት ሳይንቲስት በ1961 እ.ኤ.አ. ከሁለቱ አንዱ ይዘጋል ብላ ጻፈች። እንዴት እንደሚዘጋ ፍንጩ የተገኘው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። «ኤክዚስት» የተባለ፣ አሥራ ሰባት ሺህ ገደማ ፊደል ያለው ረጅም አርኤንኤ ከራሱ ከሚዘጋው ክሮሞዞም ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያም ሌላ ቦታ ሳይሄድ ያንኑ ክሮሞዞም እንደ ጋቢ ይጠቀልለዋል፤ የተጠቀለለውም ዝም ይላል። ይህ የሚሆነው ሽሉ ከማኅፀን ግድግዳ ጋር በሚጣበቅባቸው ቀናት አካባቢ ነው። በየሕዋሱ የትኛው ይዘጋ የሚለው እንደ ዕጣ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ግን የዚያ ሕዋስ ዘሮች ሁሉ እንደዚያው ይቀጥላሉ። ቀይና ጥቁር ቡራቡሬ የሆነች ድመት ካለቻችሁ የዚህን ዕጣ ውጤት በፀጉሯ ላይ ታያላችሁ፤ እንዲህ ያለች ድመት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሴት የምትሆነውም ለዚህ ነው።

ላሊበላ ላይ ለሚኖር ሰው ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ አልተሠራም፤ ከአንድ ዓለት ላይ የማያስፈልገው እየተነሣ ከላይ ወደ ታች ተፈለፈለ። የሰው አካልም በከፊል እንደዚያ ነው። የጉበት ሕዋስና የዓይን ሕዋስ አንድ ዓይነት መዝገብ አላቸው፤ ጉበት ጉበት የሚሆነው ለጉበት የማያስፈልጉት ገጾች ስለሚዘጉ ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ላንሣ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአይጥ ሽል ላይ እንዳሳየው፣ «ቆሻሻ ዲኤንኤ» ከሚባለው ክፍል የሚገለበጥ ላይን ዋን የተባለ አርኤንኤ በኒውክለሱ ውስጥ ካልተገኘ ሽሉ ከሁለት ሕዋስ ደረጃ በደንብ አልፎ አያድግም። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ መድረክ ላይ ሮጠው «ሳይንስ እግዚአብሔርን አረጋገጠ!» የሚሉ ወንድሞች አሉን። እባካችሁ ተረጋጉ። ከዚያው «ቆሻሻ» ከተባለው ክፍል ብዙው ዛሬም የታወቀ ሥራ የለውም። እምነታችንን በዛሬ ግኝት ላይ ከቸከልነው በነገው ግኝት ይነቀላል። መዝሙር 139 ሰው ገና ቅርጽ ሳይይዝ ጌታ እንዳየው ይናገራል። እዚያ ያለውን የዕብራይስጥ ቃል በኮሌጅ ስንማር አስታውሳለሁ፤ ገና ያልተበጀ ነገር ማለት ነው፣ በብሉይ ኪዳን ውስጥም የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘማሪው ማይክሮስኮፕ አልነበረውም፤ አላስፈለገውምም። የእኔ ማድነቅ ማስረጃ ፍለጋ አይደለም።

አሁን ወደ ረሃቡ። በዲኤንኤው ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ የትኛው ገጽ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሚሆን ከሚወስኑት መካከል ናቸው። ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአባትና ከእናት የመጡትን አብዛኞቹን ምልክቶች ያጠፋል፤ ቆይቶም የራሱን ይጽፋል። ጥቂት ቦታዎች ግን ሳይጠፉ ይቆያሉ። ከእነዚህ አንዱ ለጽንስ እድገት ወሳኝ የሆነው አይጂኤፍ ቱ የተባለው ክፍልና ጎረቤቱ ኤች ናይንቲን ያሉበት ነው። ኤች ናይንቲን እንደ ኤክዚስት ፕሮቲን የማይሠራበት አርኤንኤ ነው። በጽንሱ ውስጥ አይጂኤፍ ቱ ከአባት ከመጣው ቅጂ ይነበባል፣ ኤች ናይንቲን ደግሞ ከእናት ከመጣው። ለእነዚህ ምልክቶች የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ከምግብ ይመጣል፤ ፎሌት ከሚባለው ቪታሚን፣ ማለት ከጎመን፣ ከምስር፣ ከሽንብራ፣ ከባቄላ። የምግቡ ጎዶሎ ወደዚህ ሥራ የሚገባው በዚህ በኩል ሊሆን ይችላል።

ይህ በሰው ላይ የታየው መጀመሪያ በኔዘርላንድ ነው። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በነበረው ክረምት የናዚ ጦር የምግብ መንገድ ዘግቶ ሃያ ሺህ ያህል ሰው በረሃብ አለቀ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በዚያ ረሃብ ወቅት የተፀነሱትን፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ረሃቡ ካላገኛቸው ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ጋር አነጻጸረ። በመፀነሻቸው ሰሞን ረሃብ ያገኛቸው ሰዎች አይጂኤፍ ቱ ላይ ያለው ምልክት ከወንድምና ከእህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ቤት፤ ልዩነቱ የዓመቱ ምርት ነው።

የእኛውስ? የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እዚሁ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ራያ ቆቦ ወረዳ፣ በሰባ ሰባት ረሃብ ወቅት በማኅፀን የነበሩና በሕፃንነታቸው ያሳለፉ አዋቂዎችን ከረሃቡ በኋላ ከተወለዱት ጋር አወዳድረዋል። ውጤቱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ ታትሟል። በረሃቡ ያለፉት በአማካይ ቁመታቸው አጥሮ፣ በማሰብና በማስታወስ ፈተና ነጥባቸው ዝቅ ብሎ፣ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር የሚዛመዱ ችግሮችም በዝተውባቸው ተገኙ። እህታችንን አስቡ። ቁመት፣ ትምህርት፣ ደም ግፊት። ያ አገልጋይ «ይታየኛል» ያለው ነገር በሜትርና በሚዛን የሚለካ ነገር ነው፤ ስሙ ግን ሌላ ነው። ስለ ወረዱባት ሁለቱ ጽንሶች ከዚህ ጥናት ተነሥቼ ምንም አልልም። ብዙ ጽንስ የሚወርደው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ክሮሞዞሞቹ በትክክል ሳይከፋፈሉ ስለሚቀሩ ነው፤ ይህም ማንም ስለ ጸለየ ወይም ስላልጸለየ የሚመጣ አይደለም።

ልክ እንሁን። የራያ ቆቦው ጥናት የሰዎቹን ቁመት፣ ደምና አእምሮ ለካ እንጂ ኒውክለሳቸውን አልከፈተም። የኔዘርላንዱ ምልክቱን አየ እንጂ ምልክቱ ብቻውን በሽታ አመጣ አላለም። ውጤቱም አማካይ ነው፤ በሰባ ሰባት ተወልደው ረጅም፣ ጤነኛና ምሁር የሆኑ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ልጅ ልጅ ይሻገራል የሚለው ደግሞ በእንስሳ ላይ ቢታይም በሰው ላይ ያለው ማስረጃ እስካሁን ደካማ ነው። ይህን የምለው ከአንዱ መርገም አውጥቼ በሌላ መርገም፣ በሳይንስ መርገም፣ ማንንም እንዳላስር ነው። ቀደም ሲል እንዳልሁት ሽል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወላጆቹን ምልክት አብዛኛውን አጥፍቶ ነው የሚነሣው።

አንዳንድ ወገን ዘጸአት 20ን ያነሣብኛል፤ እግዚአብሔር የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ እንደሚመለከት ይናገራል። አዎን። ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም ያንብብ፤ ምሕረቱ እስከ ሺህ ይሄዳል። ሦስትና አራት ከሺህ ጋር ሲተያይ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ የገበያ ልጅ ያውቀዋል። ከዚያም ሕዝቅኤል 18ን ያንብብ። የባቢሎን ምርኮኞች ልክ እንደኛ በአባቶቻችን ጥፋት ነው የተቀጣነው የሚል ተረት ነበራቸው፤ ጌታ ያን ተረት ከእንግዲህ እንዳይተርቱት ከለከላቸው። በዮሐንስ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን በደለ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ያ እንግዳ አገልጋይ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ጌታ ሁለቱንም አይደለም አለ። ሰውየው የወላጆቹን ስም እንዲያጣራም አልላከውም፤ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባውና እንዲታጠብ ላከው። እኔ እዚያ ላይ ሐኪም አያለሁ።

ሌላም የሚያስቆጣኝ ነገር አለ። ረሃብን መርገም ስንለው ተጠያቂ የሆኑት ያመልጣሉ። ደርግ በመስከረም 1977 አሥረኛ ዓመቱን በአዲስ አበባ በድግስ ሲያከብር ወሎ እየሞተች ነበር። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጦርነት ነበረ፣ መደበቅ ነበረ። ያን ሁሉ ትተን የአንዲት ድሃ እናት ወገን ላይ መርገም የምንፈልግ ከሆነ ለፈርዖን ጠበቃ ቆመናል። ነገሩ የድሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ በክልላችን ብዙ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ተዘረፈ። ከዚያም ሌላ ጦርነት ተተካ። በ2017 ዓ.ም. ጎረቤታችን ቡግና በረሃብ ዜና ላይ ዋለች። በእነዚያ ወራት የተፀነሱ ልጆች አሁን እያደጉ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአንድ ጉባኤ ላይ እጅ ተጭኖባቸው «በእናትህ ወገን መርገም ይታየኛል» ይባሉ ይሆን?

ሰው «ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?» ይላል። እርዳታ እናደርጋለን፤ ግን ለማን? ሆዷ ለገፋ ሴት። ተገቢ ነው፤ ለእርሷም ለጽንሱም ይጠቅማል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ዘግይቷል። የሽሉ ስንቅ የተቋጠረው ከመፀነሷ በፊት ባሉት ወራት ነው። የሕፃኑ አእምሮና አከርካሪ የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ይህም ብዙ ሴት ማርገዟን ገና ሳታውቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ለመውለድ ከምታስብበት ጊዜ ጀምሮ እስከ እርግዝናዋ 12ኛ ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የሚመክረው ለዚህ ነው። በእኛ አገር ግን ሴቶች ለቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ሊያገኛት በማይችልበት ጊዜ ሴቲቱን የሚያገኛት ማን ነው? እኛ ነን። ለጋብቻ ስማቸውን የሚያስመዘግቡት እኛ ዘንድ ነው፤ ለሳምንታት የቅድመ ጋብቻ ትምህርት የሚቀመጡት እኛ ፊት ነው። ስለ መገዛትና ስለ መውደድ እናስተምራለን፤ ስለ ገንዘብ አያያዝ እናስተምራለን። ከእነዚያ ሰዓታት አንዱን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለአዋላጅ ነርስ ብንለቅ ምን ይጎድላል? ሙሽራውም አብሮ ይስማ፤ ጎመንና ምስር ገበያ የሚወጣበት ብር በእርሱ ኪስ ነውና። የጉባኤው የእርዳታ እህል ሲከፋፈልም አዲስ ተጋቢ ድሆች በዝርዝሩ ላይ ይኑሩ፤ «ወጣት ናቸው፣ ሠርተው ይብሉ» ተብለው አይታለፉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ይህ አንዳንድ አገልጋይ ወንድሞችን እንደሚያስከፋ አውቃለሁ። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሳውያን ነፍሰ ጡር ስታስጾሙ ልጅ ትጎዳላችሁ እያልን መናገር ይቀናናል። እኛስ? የሦስት ቀን ደረቅ ጾም፣ የሃያ አንድ ቀን ጾም፣ የዓመት መባቻ ጾም እናውጃለን፤ ከመድረክ ስናውጅም «ሁሉም ይጹም፣ ሰበብ የለም» እንላለን። ልጅ የምትለምን ሴት ከሁሉ ይልቅ ትጾማለች፤ ልጅ ስለምትለምን። ማለት በዚያው ወር ልትፀንስ የምትችለው እርሷ ናት። በእኛ ጉባኤ ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረን የወሰንነው ይህ ነው፦ ጾም ሲታወጅ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡና ለመውለድ እየጠበቁ ያሉ እህቶች ከምግብ እንደማይጾሙ በዚያው ማስታወቂያ ላይ ይነገራል፤ በጸሎቱ ሰዓት ግን ከሁሉ ጋር ይመጣሉ። ስማቸውን ማንም አይጠራም፣ ምክንያታቸውንም ማንም አይጠይቅም። ባለፈው የታወጀው ጾም ላይ አንድ ሽማግሌ ማስታወቂያውን ሲያነብ ከኋላ ወንበር ያሉ ሁለት እናቶች ጮክ ብለው «አሜን» አሉ፤ ጉባኤው ሳቀ፣ እርሱም አብሮ ሳቀና ማንበቡን ቀጠለ።